መርዶ በስልክ አይነገርም

ስልኬ ሲጮህ ስትሪትሃም ሃይ ሮድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ነው። የሲስተር ዘነበች ልጅ ማኅሌት ናት። ጤናዬን ጠየቀች፣ የልጆቼን ጤና ጠየቀች፣ የለንደንን ብርድ እንኳ ሳይቀር ጠየቀች። ሰላምታው ሲረዝም መጠራጠር ጀመርኩ። በመጨረሻ "እትዬ ወይንሸት፣ አሁን የት ነዎት?" አለችኝ።

"አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ከሥራ እየተመለስኩ።"

"ብቻዎን ነዎት? ማን አለ አብሮዎት?"

እናቷ እንደዚህ ነበር የምትጠይቀው። "ግድ የለም፣ ቤት ሲገቡ ይደውሉልኝ፤ ሰው ይጥሩና ይደውሉልኝ" ብላ ዘጋችው። ሞት የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ከአውቶቡሱ ወርጄ ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት ፈረንጅ ሶፍት ሰጥታኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ አውቶቡሷ እስኪመጣ አጠገቤ ቆመች። ቤቴ ገብቼ ጎረቤቴን ጠርቼ ስደውል እናቷን ደም ግፊት እንደጣላትና ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝታ እንዳረፈች ነገረችኝ። ልጅቷ ወጉን ጠብቃ ነው ያረዳችኝ። እናቷ በዚሁ ወግ የተነሳ ከዚህ አገር እንደተባረረች እያወቀች።

ዘነበችን ሲስተር የምንላት ነርስ ስለነበረች ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ብዙ ዘመን ሠርታለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ነው ስደት ያሰበችው። ያን ጊዜ እንግሊዝ ሽማግሌዎቿን የሚያጥብላት ሰው አጥታ በሯን ከፈት አድርጋ ነበር። አንድ ካምፓኒ ስፖንሰር ካደረገ ቪዛው ይሰጣል። ያው ካምፓኒ ከሥራ ካባረረ ግን ቪዛውም አብሮ ይሄዳል። ዘነበች ልጇን እህቷ ዘንድ አዲስ አበባ ትታ፣ "እግሬን ላስገባና እወስድሻለሁ" ብላ መጣች። እሷ በገባች በጥቂት ወር ሕጉ ተለወጠና ሽማግሌ የሚንከባከብ ኬር ወርከር ልጅ አያመጣም ተባለ። አስቀድመው የገቡት ብቻ፣ ቪዛቸው ሳይቋረጥ እስከቆየና ልጁም አሥራ ስምንት ዓመት እስካልሞላው ድረስ፣ ማምጣት ይችላሉ። ማኅሌት አሥራ ሰባት ዓመቷን ይዛለች። እንግዲህ ዘነበች ሌላ ሁሉ ቢቀርባት ሥራዋ እንዳይቀርባት ነበር የምትጸልየው።

እኔም የምሠራበት ይኸው ካምፓኒ ቢሮው ፓርክ ሮያል፣ አንድ የምግብ መጋዘን ፎቅ ላይ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በማንሻ ሲነሳ ሁለት ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ዳብል አፕ እንለዋለን። ማናጀሩ "ሁለታችሁም ያንድ አገር ሰዎች ናችሁ፣ ትግባባላችሁ" ብሎ ከእሷ ጋር አጣመረኝ። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ አገር ኖሬአለሁ፤ አዲስ መጪ ሁሉ የአውቶቡሱ ኦይስተር ካርድ ከየት ይገዛል፣ ባንክ እንዴት ይከፈታል እያለ ሲጠይቀኝ ታክቶኛል። እሷ ግን ምንም አልጠየቀችኝም። እንዲያውም እኔን ነበር የምታርመኝ። አንድ ቀን ስለ ማኅሌት መታወቂያ ስናወራ "ቀበሌ ሄዳ ታውጣ" ብላት፣ "እትዬ፣ አሁን እኮ ወረዳ ነው። ቀበሌው እርስዎን ሲጠብቅ ኖሮ ሰልችቶት ሄደ" ብላ ሳቀችብኝ።

ጠዋት ጠዋት የምንሄደው ስትሪትሃም፣ ሚስ ኤድና የሚባሉ አሮጊት ቤት ነበር። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን የትምህርት ቤት ምሳ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ዘነበች መጀመሪያ የገባች ቀን ከወገቧ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ጓንት ከማጥለቋ በፊት እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ አሞቀች። ከዚያ በአማርኛ "እማማ፣ ልንካዎት?" አለቻቸው።

"እንግሊዝኛ አታውቂም እንዴ?" አልኳት።

"አውቃለሁ። ግን ትልቅ ሰው አንቺ ሳልል የማናግርበት እንግሊዝኛ አጣሁ።"

በሁለተኛው ሳምንት ሚስ ኤድና ራሳቸው "እሺ" ማለት ለመዱ። እሷ "ልንካዎት?" ትላለች፣ እሳቸው "እሺ ዳርሊንግ" ይላሉ። እኔን ያን ያህል ጊዜ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ዳርሊንግ ብለውኝ አያውቁም።

ዘነበች ቀስ ያለች ሰው ነበረች። አካሄዷ ቀስ፣ አነጋገሯ ቀስ። ቢሮው ለእያንዳንዱ ቤት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ስልካችን ላይ ስንገባም ስንወጣም ሰዓቱን ቼክ እናደርጋለን። እኔ ስጣደፍ እሷ የአሮጊቷን ፀጉር እያበጠረች ነው። "ሲስተር፣ በእመቤቴ፣ የሚቀጥለው ቤት ሰውዬው ሽንቱን ይዞ እየጠበቀን ነው" እላታለሁ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እትዬ" ትለኛለች። ተናድጄ በር ላይ ኮቴን ለብሼ እቆማለሁ። ዞር ስል ሚስ ኤድና በመስታወት ራሳቸውን እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ንዴቴም ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

አውቶቡስ ላይ ከልጇ ጋር ነው የምታወራው። "በላሽ? አጠናሽ? አክስትሽን አገዝሽ?" ሌላ ጥያቄ የላትም። ከዘጋች በኋላ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጪ ታያለች። የቀራት ነገር ቤት ብቻ ነበር። ከሌሎች ሴቶች ጋር በምትጋራው ክፍል ውስጥ ልጅ ማስገባት አይቻልም። የቪዛ ማመልከቻው ላይ ልጅቷ የምትኖርበት ቤት መታየት አለበት። አንድ ቀን እኔ ሠፈር፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከአንዲት ካፌ በላይ ያለ ክፍል አግኝታ አብሬያት ሄድኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የባቡር ሐዲድ ነው። እኔ አፌ አያርፍምና "ይቺ ቁም ሣጥን ናት" አልኳት። እሷ አልሰማችኝም። ግድግዳውን በስንዝሯ ለካች። "እዚህ ጋ የእሷ አልጋ፣ እዚህ ጋ የእኔ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር፣ ለጥናቷ" አለች። ከአከራዩ ጋር በሚቀጥለው ወር ልትገባ ተስማማች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በደስታ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሚስ ኤድና ቤት ስንገባ አርፈዋል። ተኝተው ሳሉ ነው። ዘነበች አንገታቸውን ዳሰሰች፣ ቆየች፣ ቀና ብላ አየችኝ። አምቡላንስ ጠራን፣ ቢሮ ደወልን። ቢሮው "ለቤተሰብ እኛ እንናገራለን፣ ሐኪም ያረጋግጥ" አለን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ችግሩ የአሮጊቷ ልጅ ጃኔት ሁልጊዜ ጠዋት በቁርስ ሰዓት እናቷን ለማናገር መደወሏ ነው። ያን ቀንም ደወለች። ስልኩ አልጋው አጠገብ ነው፤ ዘነበች አነሳችው።

"እናትሽ ትንሽ ደከም ብሏታል። ብትመጪ ጥሩ ነው" አለቻት በእንግሊዝኛ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማን አለ አብሮሽ? ብቻሽን አትንጂ። ባልሽ ይንዳ፣ ወይም ጓደኛሽ ትምጣ" አለቻት።

ስትዘጋው "ሲስተር፣ ምን እያደረግሽ ነው? እዚህ አገር እንዲህ አይደለም፤ የሆነውን ይነገራቸዋል" አልኳት።

"እትዬ፣ ብቻዋን ቤቷ ውስጥ ያለች ሴት በስልክ እናትሽ ሞተች ይባላል? ማን ይይዛታል? መኪና ውስጥ ገብታ በእንባ ስትነዳ ምን ትሆናለች?"

ልክ ናት፤ እኛ አገር ልክ ናት። መርዶ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ትከሻ አዘጋጅቶ ነው። እሷ ደግሞ በንግግር ብቻ አልቆመችም። የሐኪሙ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ የፎቁን በር ሁሉ እያንኳኳች ጎረቤት ጠራች። ሚስ ኤድናን በሰላምታ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ጃማይካዊ ኮፍያቸውን አውልቀው መጡ። ሕፃን በጋሪ የያዘች ወጣት ሴት ግራ ተጋብታ መጣች። ዘነበች ሳሎን አስቀምጣ "ልጃቸው ስትመጣ ብቻዋን እንዳትሆን ነው" አለቻቸው። ሽማግሌው "እኛም አገር እንዲሁ ነው" አሉ።

ጃኔት የመጣችው በባቡር፣ ብቻዋን ነው፤ ለካ ባል የላትም። እጇ ላይ እናቷ የሚወዱት የወይን ዘለላ ነበር። በሩን ከፍታ የማታውቃቸውን ሰዎች ስታይ ቆመች። ዘነበች ሄዳ ያዘቻት፤ ከያዘቻት በኋላ ነገረቻት። ወይኑ መሬት ላይ ተበተነ። ሰውነቷ ሲከዳት ዘነበች ባትደግፋት ወድቃ ነበር። እኔ በልቤ "አየሽ፣ ልክ ነበረች" አልኩ። ጃኔት ግን ትንፋሿ ሲመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስደውል ሞታ ነበር?"

"አዎ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ከእቅፏ ወጣች። "ባቡር ላይ ሆኜ ስለማበስልላት ሾርባ ሳስብ ነበር። ዋሸሽኝ" አለቻት።

ቅሬታ አቀረበች። አልፈርድባትም፤ በእሷ አገር ሰው እውነቱን ወዲያው ማወቅ መብቱ ነው። ፓርክ ሮያል ቢሮ ስንጠራ እኔም በምስክርነት ገባሁ። ማናጀሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። "ለቤተሰብ የሐሰት መረጃ ለምን ሰጠሽ?" አላት።

"አልዋሸሁም። ቀስ አልኩ እንጂ" አለች ዘነበች።

እኔ ስለ መርዶ፣ ስለ ሰው መሰብሰብ፣ ስለ ሁሉም ነገር አስረዳሁ። እንደዚያን ቀን እንግሊዝኛ አጥሮኝ አያውቅም። ማናጀሩ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና "ይገባኛል፤ ግን ፖሊሲ ነው" አለ። በሳምንቱ አሰናበታት። ስፖንሰር ያደረገ ካምፓኒ ሠራተኛ ሲያሰናብት ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ አሳወቀ። ሌላ ስፖንሰር እንድታገኝ ሁለት ወር ተሰጣት፤ ካላገኘች አገር ለቃ ትወጣለች። ያን ጊዜ ደግሞ ከውጭ ኬር ወርከር መቀበል ቆሟል። ከወጣች መመለሻ የለም፤ ማኅሌትም ቀረች ማለት ነው።

እዚህ አገር ቀብር ይዘገያል። የሚስ ኤድና ቀብር ሲደርስ ዘነበች "እሄዳለሁ" አለችኝ። "ልጅቷ ከሳሽሽ ናት፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ?" ብላት፣ "የምቀብረው እናቷን ነው" አለች። አብሬያት ሄድኩ፤ ጥቁር ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ፈረንጆቹ ጸሎቱን ከወረቀት በዝግታ ሲያነቡ እሷ አለቀሰች። እንዳይሰማባት አፏን በነጠላ ይዛ ነው፤ ግን ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሰዎች ዞረው አዩአት። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ጃኔት ወደ እኛ መጣች። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ለእናቴ ያለቀሰ ሌላ ሰው አላየሁም" አለቻት። ቀጥላም "አስቤበት ነበር። ባቡሩ ላይ እስካለሁ ድረስ እናቴ በሕይወት ነበረች። ያን ሰዓት አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። ካምፓኒው ጋ ደውዬ ቅሬታዬን ትቼዋለሁ እላቸዋለሁ" አለች።

ደወለች፤ ቃሏን ጠበቀች። ካምፓኒው "ጉዳዩ ከእጃችን ወጥቷል" አላት። ኢሚግሬሽንም እንደዚያው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ። ጃኔት ስልክ ላይ እያለቀሰች "ምን ልታደርግ ትችላለች?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከሁለቱ ለየትኛዋ ማዘን እንዳለብኝ ግራ ገባኝ።

ሁለቱን ወር አብረን ዞርን። ለንደን ውስጥ ያልሄድንበት ኬር ካምፓኒ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም ሥራ አላቸው፤ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ሲቪዋን ያያሉ፣ ነርስነቷን ያያሉ፣ "መቼ ትጀምሪያለሽ?" ይሏታል። "ስፖንሰር ታደርጉኛላችሁ?" ስትል ፊታቸው ይለወጣል። አንዷ ሥራ ቀጣሪ "የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላት እህት የለሽም?" ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ቢሮ ስንወጣ ዝናብ ነበር፤ እኔ ተሳደብኩ፣ እሷ ግን "ሴትዮዋ ምን ታድርግ፣ እሷም የሚያሰናብታት አለቃ አላት" አለች። የካሌዶኒያን ሮዱ ክፍል ለሌላ ሰው ተከራየ። በዚያ ሳልፍ ዛሬም ቀና ብዬ መስኮቱን አያለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለማኅሌት ምንም አልነገረቻትም። ልጅቷ ስትደውል "በላሽ? አጠናሽ?" ትላለች፣ እንደ ድሮዋ። እኔ አልቻልኩም፤ "ንገሪያት፣ ልጅቷ ትልቅ ሆናለች፣ ልቧን ታዘጋጅ" እያልኩ ወተወትኳት። የሄደች ቀን ኤርፖርት ሸኝቻት የመጨረሻ ጥያቄዬ እሱ ነበር።

"ነገርሻት?"

"እየመጣሁ ነው ብያታለሁ።"

"ለምን እንደምትመጪስ?"

"መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ እትዬ?" አለችኝ። ያን ጊዜም ዕቃዋን እየገፋች ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። በሩ እስኪሰውራት ድረስ ቆሜ አየኋት፤ አልዞረችም።

ሳምንት ቆይታ ደወለች። ድምጿ ደህና ነበር። እህቷን፣ አየሩን፣ የዋጋውን ነገር አወራችልኝ። እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነውና ስለ ማኅሌት ጠየቅኳት። ነገረችኝ።

"ኤርፖርት ስትቀበለኝ አዲስ ጃኬት ለብሳለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ 'እማዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?' አለችኝ። ልትወስደኝ መጣች ብላ ነው ለካ። ቤት ስገባ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታዋለች። ጓደኞቿ ሸኝተዋታል።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ። አብረን በላን፣ አብራኝ ተኛች። እህቴ በጠዋት ሰው ሰበሰበች። ለምን እንደተጠሩ በደንብ አልገባቸውም መሰለኝ፣ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የመጡት። ልጄ ከእንቅልፏ ተነስታ ሳሎን ስትወጣ አየቻቸው። 'ማን ሞተ?' ብላ ጮኸች። ሄጄ ያዝኳት። 'ማንም አልሞተም የኔ ልጅ፤ የለንደኑ ነገር ነው የቀረው፣ አንሄድም' አልኳት።"

"እሷስ?"

"ሳቀች፣ እትዬ። 'ውይ፣ እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ' ብላ አቀፈችኝ። የመጡት ሰዎችም ሳቁ። ሻይ አፍልታ በየተራ አቀረበችላቸው። ሁሉም ሲሄዱ ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለች። ዩኒፎርሟን ግን መልሽልኝ ማለት አፍራ ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች።"

"አሁን የት ናት?"

"ተኝታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች" አለችና ድምጿ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሲስተር፣ ሃሎ" አልኩ። አልተቋረጠም ነበር፤ ልጅቷ እንዳትሰማት አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው።